በቴምር ሳጥን ያደረ ደብዳቤ

የአቶ ሁመድን ሞት የሰማሁት በባዶ ሆዴ ነው። እሳቸው ቢያውቁ በጣም ይቆጡ ነበር። «ክፉ ወሬ ለበላ ሰው ነው የሚነገረው፤ ላልበላ ሰው አንዱ ሞት ሁለት ይሆንበታል» ይሉ ነበርና።

ወሬውን ያመጣልኝ ጌታነህ የሚባል የአሰብ መስመር ሾፌር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ከባድ መኪናውን አቁሞ አስጠራኝ። ሰባት ሰዓት አልፏል፤ እኔ ግን ቁርስም ምሳም አልቀመስኩም። በዚህ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አቤቱታ የማይጽፍ ሰው የለም፤ የሁሉንም ብሶት የምተይበው ደግሞ እኔ ነኝ። ጌታነህ ከጋቢናው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደና፣ «የሺ፣ አቶ ሁመድ ዐረፉ። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ይህን ለእሷ አድርስልኝ ብለው ነው» አለኝ።

ጨርቁን ሳልፈታው አወቅሁት። ዝገት የበላው፣ ክዳኑ በሲባጎ የታሰረ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ያን ዕለት አልከፈትኩትም። ውስጡ አንድ ወረቀት እንዳለ ጠርጥሬያለሁ፤ ከዚያ ወረቀት ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሸሽ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከመክፈቴ በፊት ስለ ሰውየው ልናገር።

ከደሴ አሰብ የወረድኩት ታይፕ ተምሬ እንደጨረስኩ፣ በሃያ ዓመቴ ነው። የወረድኩትም በሐምሌ ነው። በሐምሌ አሰብ የሚሄድ ወይ የታዘዘ ነው ወይ ያልጠየቀ፤ እኔ ያልጠየቅሁት ነኝ። የተቀጠርኩት ወደቡ አጠገብ ከነበሩት የመርከብ ወኪል ቢሮዎች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ሁመድ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከባሕሩ ዳር ከዒድ ከተማ የተወለዱ አፋር ናቸው። ከላይ በደንብ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ከታች ሽርጥ ይለብሳሉ። መነጽራቸው በክር ከአንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ወደ ቢሮው የሚገባ፣ ከቢሮው የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው ወደ ሥራ አስኪያጁ የሚያስገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛቸው ፊት ስቆም ስሜን አልጠየቁኝም።

«ምን በላሽ?» አሉኝ።

«እ?»

«ቁርስ ነዋ። ምን በላሽ?»

«ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«ሻይ ምግብ አይደለም፤ የረሃብ ጠበቃ ነው። እየተከራከረ ያዘገይብሻል እንጂ አያስፈታሽም።» ከዚያ ከመሳቢያቸው ያን የቆርቆሮ ሳጥን አወጡና ሦስት ቴምር ቆጥረው ሰጡኝ።

መጀመሪያ ሰውየው ሆዳም መስሎኝ ነበር። ኋላ እንዳየሁት ግን ከሁላችንም ያነሰ የሚበሉት እሳቸው ናቸው። ጥያቄው ሰላምታቸው ነበር። እኛ «እንዴት አደርክ» የምንለውን እሳቸው «ምን በላህ» ይላሉ፤ መልሱንም ከልብ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ትልቅ ባለሥልጣን፣ ሥራ አስኪያጁ ከኋላው እየተከተለው፣ ፋይል ጠፋ ብሎ እየጮኸ መዝገብ ቤት ገባ። አቶ ሁመድ ተነሥተው እጅ ነሡና፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ምን በሉ?» አሉት። የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። ባለሥልጣኑ ግን ቆም ብሎ አሰበና፣ «እውነትህን ነው፣ ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልበላሁም» አለ። ቴምሩን ቆሞ በላ። ፋይሉ ከመጀመሪያውም አልጠፋም ነበር።

እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። እናቴ «ይህች ልጅ ክዳን የሌላት ድስት ናት» ትል ነበር። የአሰብ ሙቀት ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ። ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቴን ዘጋው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ሻይ በዳቦ ሆነ ኑሮዬ። በአራተኛው ሳምንት የታይፑ ሪባን ተጠላለፈብኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው የሞተብኝ ያህል አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ የሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። «ይህ ለሰው ልጅ ያልተፈጠረ ምድር» የሚል ነገር አለበት፤ የቀረውን ብነግራችሁ አፍራለሁ።

አቶ ሁመድ ቀስ ብለው አነበቡት። አጠፉት፤ ከሳጥኑ ውስጥ ከቴምሩ ሥር አስገቡና በጓጉንቸር ቆለፉበት።

«ይደር» አሉ።

«የምን ማደር ነው? እኔ ወስኛለሁ!»

«አንቺ መቼ ወሰንሽ? ሆድሽ ነው የወሰነው። እሱ ደግሞ ደሞዝተኛ አይደለም፣ መልቀቂያ መጻፍ አይችልም።»

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ እሳቸውና ባለቤታቸው ፋጡማ ከባሕሩ ዳር ወዳለ የየመኖች ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ጠብሰው ከትኩስ ቂጣ ጋር ያቀርባሉ። በሕይወቴ ዓሣ በልቼ አላውቅም። ደሴ ሆነን ዓሣ የሚበላ ሰው ሲወራ ፊታችንን እናጨማድድ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለይሉኝታ ዋጥኩት። ሦስተኛውን እኔው ፈለግሁት። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ፋጡማ አጥንቱን ከፊቴ አንሥተው ሲያዩት ሳቁ፤ ምንም አልቀረበትም ነበር። ያን ሌሊት አሰብ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃ አደርኩ።

ጠዋት አቶ ሁመድ ሦስት ቴምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጡኝ፤ ቀጥለው ሳጥኑን ከፍተው ደብዳቤዬን እጄ ላይ አደረጉት።

«ሲርብሽ የጻፍሽውን አሁን ጠግበሽ አንብቢው። ይሄዳል ወይስ ይቀደዳል?»

አነበብኩት። «ለሰው ልጅ ያልተፈጠረ ምድር» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ቀደድኩት።

ይህ ነበር የሰውየው ሕግ። ሠራተኛ በንዴት ወይም በሆድ ብሶት የጻፈው ነገር ሁሉ በሳጥኑ አንድ ሌሊት ያድራል። ጠዋት ባለቤቱ በልቶ፣ አንብቦ፣ ራሱ ይፈርዳል። «ይቀደዳል» ካለ ቀዶ ይጥላል። «ይሄዳል» ካለ አቶ ሁመድ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ማኅተማቸውን ይመታሉ። ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ከአባታቸው ጀልባ ነው አሉኝ። ባሕር ላይ ሁለት ሰው ቢጣላ አንዱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የምግቡ ትሪ ባዶ እስኪሆን ድረስ ጀልባ ላይ ነገር አይነሣም፤ ትሪው ካለቀ በኋላ ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ሰው ያጣል።

«ቴምር ኀዘን ያጠፋል እያልኩሽ አይደለም፣ ቢንቲ» አሉኝ። ልጄ ለማለት በዐረብኛ ቢንቲ ነበር የሚሉኝ። «ኀዘን ኀዘን ነው። ረሃብ ግን ያሳብጠዋል። የበላ ሰው ኀዘኑ የራሱን ያህል ብቻ ይሆንለታል። የራሱን ያህል የሆነ ኀዘን ደግሞ ሰው ይሸከመዋል።»

በዚህ ነገር ትንሽ ይመጻደቁ እንደነበር አልደብቅም። ሕጋቸው ተሳስቶ ያውቃል ብሎ የሚነግራቸውን ሰው አይሰሙም። ጥርሱን ያመመውንም፣ ሚስቱ የተቆጣችውንም፣ የቤት ኪራይ የተጨመረበትንም «ምን በላህ» ነው። እኔም አንዳንዴ «እርስዎ እኮ ሞት ቢመጣም ቴምር ነው የሚያበሉት» እላቸው ነበር። ይስቃሉ።

ሌላ ያልተጻፈ ሕግም ነበረን። በቢሯችን የሾፌሮች መስኮት አለ፤ ሾፌሮች የጭነት ወረቀታቸውን የሚቀበሉበት። በረመዳን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ የምንቆመው እኛ ክርስቲያኖቹ ነን። በሁዳዴ ደግሞ ሙስሊሞቹ ይቆማሉ። አቶ ሁመድ ያወጡት ተራ ነው፤ የሁለቱም ሃይማኖት የጾም ወራት በቀይ የተሰመረባቸው ሁለት ካላንደሮች ከራሳቸው በላይ ተሰቅለዋል። «ያን በረሃ አቋርጦ የመጣ ሾፌር ወረቀቱ ሲዘገይበት የሚናገረውን ለመስማት የጠገበ ጆሮ ያስፈልጋል» ይሉ ነበር። ተራው ለዓመታት ያለ ጠብ አኖረን አሉ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት።

እኔ አሰብ በገባሁ በሰባተኛው ወር ግን ጉድ መጣ። ሁዳዴና ረመዳን በሦስት ቀን ልዩነት ገቡ። አቶ ሁመድ ሁለቱን ካላንደሮች አውርደው ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። መስኮቱ ላይ የሚቆም የጠገበ ሰው በቢሮው ውስጥ የለም። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው።

የዚያን ወር ነገር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ዝም ብለን እንጣላለን። ስለ ብዕር ተጣልተናል። ስለ ወንበር ተጣልተናል። በሩን ማን ክፍት እንደተወው ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። ሳጥኑ በየቀኑ ይሞላል፤ በየጠዋቱ ይራገፋል። ቴምሩ ከደብዳቤው ብዛት የተነሣ ቦታ አጥቶ በአቶ ሁመድ መሐረብ ተቋጥሮ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር። ማታ ስንወጣ ለጾም ማፍረሻ እያሉ በዚያው መሐረብ እየቋጠሩ በየተራ ይሰጡን ነበር፤ መሐረቡን ጠዋት እንመልሳለን።

ከእኔ አጠገብ አስፋው የሚባል የጎንደር ልጅ ይቀመጣል። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዳዊቱን የሚደግም። ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጾማል፤ ሲያፈርስ ደግሞ በደረቅ ዳቦና በሻይ ነው። አቶ ሁመድ በእሱ ይጨነቁ ነበር። «አንተ ልጅ፣ የጎዳህ ጾምህ አይደለም፣ ማፍረሻህ ነው። ጾምህን ለአምላክህ ጹም፣ በእሱ አልገባም። ስታፈርስ ግን ምስር ብላ፣ ሽምብራ ብላ፣ ሰሊጥ ጨምርበት» ይሉታል። «እሺ» ይላል፤ አያደርገውም። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ትከሻው ወርዶ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ሰው ሆነ።

አንድ ሰኞ ከጎንደር መልእክት ደረሰው። እናቱ ታማለች፤ ልጄን ሳላይ እንዳልሞት እያለች ነው። ሮጦ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። መርከብ ተደራርቦ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ቀና እንኳ ሳይል «በዚህ ጥድፊያ ፈቃድ የለም፤ በጽሑፍ አቅርብ» አለው። አስፋው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ዘንድ መጥቶ አጻፈኝ። ከላይ የፈቃድ ጥያቄ ነው። ከታች ግን ሥራ አስኪያጁን ልብ የሌለው ድንጋይ፣ ከእናት ያልተወለደ፣ ሌላም ሌላም ይላል። እኔም ርቦኝ ስለነበር እያንዳንዷን ስድብ ደስ ብሎኝ ነው የተየብኩት።

አቶ ሁመድ አነበቡት። «የላይኛው ግማሽ ይሄዳል» አሉት። «የታችኛው ግማሽ ያስባርርሃል። ዛሬ ይደር፤ ነገ በማለዳ የላይኛውን ብቻ ጽፈን እኔው አስገባዋለሁ። ለሐሙስ አውሮፕላን ትደርሳለህ።» አስፋው አንገቱን ደፋ። ሳጥኑ ተቆለፈ።

ያን ሌሊት አቶ ሁመድን ወባ ጣላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ሦስት ሾፌሮች በአንድ ጊዜ ይጮሁብኛል። ወይዘሮ ፋጡማ በጓሮ በር ገብተው የአቶ ሁመድን መሐረብ፣ እንደተቋጠረ፣ እጄ ላይ አደረጉ።

«ሁመድ ታሟል። ይህን ለየሺ ስጪ፣ አሁኑኑ ትፍታው ብሏል» አሉኝ።

«እሺ እትዬ፣ እሺ» አልኩና መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኩት። ሌላ ጊዜ ሁሉ ቴምር ነው በዚያ መሐረብ የሚመጣው። ጾመኛ መሆኔን እያወቁ በጠዋት ቴምር ይልኩብኛል እንዴ፣ ታመውም አይተዉኝም እንዴ ብዬ ተናደድኩ። እትዬ ፋጡማ ትንሽ ቆመው አዩኝና ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ አስፋው መጣ። «የሺ፣ ደብዳቤዬስ?»

«አስገብተውልህ ሄደው ይሆናል። እኔን አትነዝንዘኝ!»

ይህን ያልኩት እንዲሄድልኝ ብቻ ነው። ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም። እሱ ግን አመነኝ። አቶ ሁመድ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ስለሆኑ ገብቷል ብሎ አመነ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መልስ ይጠብቅ ጀመር። ማክሰኞ ጠበቀ፤ ረቡዕ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁን ገብቶ ለመጠየቅ አቅሙም ድፍረቱም አልነበረውም። ሐሙስ አውሮፕላኑ ከራሳችን በላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ዓርብ ቴሌግራም መጣ። እናቱ ሐሙስ ለዓርብ ዐርፋለች።

አስፋው መጀመሪያ አላለቀሰም። ተነሥቶ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። «ምን ደብዳቤ?» ሲባል ሰማን። ሲወጣ ወደ አቶ ሁመድ መሳቢያ ሄደ፤ ሳጥኑን አንሥቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው፤ ጓጉንቸሩ ተሰብሮ በረረ። ደብዳቤው እንደታጠፈ ከውስጡ ወደቀ። ያኔ ነው የጮኸው። ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ።

አቶ ሁመድ ቅዳሜ ግድግዳ ይዘው መጡ። ሳጥኑን አዩ፣ አስፋውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። እኔን ረዘም አድርገው ነበር ያዩኝ፤ የገባኝ ግን ኋላ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። አስፋው ዞሮ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአቶ ሁመድ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰው ከእናቱ ስንብት በቴምር ሳጥን ይከለከላል? ክስ ለመጻፍ ቆረጥኩ። ተንኮሌን ስሙልኝ፤ በባዶ ሆዴ ብጽፈው «ይደር» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ እሑድን ጠበቅሁ። ከቅዳሴ መልስ ምስር ወጥ ሠርቼ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጨምሬ፣ እስኪበቃኝ በላሁ። ከዚያ ተረጋግቼ፣ አንድም ስድብ ሳልጨምር፣ አቶ ሁመድ የሠራተኞችን ደብዳቤ እየደበቁ እንደሚያሳድሩ ለሥራ አስኪያጁ ጻፍኩ። በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ አልጻፍኩም።

ሰኞ ጠዋት ወስጄ ያስቀመጥኩት ራሳቸው አቶ ሁመድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሌላ መንገድ የለማ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«በልተሽ ነው የጻፍሽው?»

«ጠግቤ።»

«ምን በላሽ?»

«ምስር። ቃሪያም ነበረው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄዳል ወይስ ይቀደዳል?»

«ይሄዳል!»

ቁጥር ሰጡት። በመዝገቡ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉት። ማኅተሙን መቱበት። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሽርጣቸውን አስተካክለው፣ ክሳቸውን በገዛ እጃቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዘውት ገቡ።

በሳምንቱ ከመዝገብ ቤት ተነሥተው ባሕሩ ዳር ወዳለው መጋዘን ተመደቡ። ሃያ ዓመት ከተቀመጡበት ወንበር ሲነሡ የወሰዱት ሁለቱን ካላንደሮችና የተሰበረውን ሳጥን ብቻ ነው። ክዳኑን በሲባጎ አስረውት ነበር። አስፋው ለተዝካር ወደ ጎንደር ሄደ፤ እኔ የጽድቅ ሥራ የሠራሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

የሕማማት ረቡዕ ነው። ለበዓሉ መሳቢያዬን ሳጸዳ ከወረቀት ሥር መሐረቡ ወጣ። ቴምሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ፈታሁት። ቴምር የለም። ያለው የጓጉንቸሩ ቁልፍና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። «የአስፋውን ደብዳቤ አውጪ። የላይኛውን ግማሽ ብቻ ተይበሽ ለአለቃው አስገቢለት። ለሐሙስ ይድረስ» ይላል። በትኩሳት እጅ የተጻፈ ስለሆነ ፊደሉ ተንጋድዷል።

ሰውየው በሰዓቱ ልከውታል። አሁኑኑ ትፍታው ብለዋል። የአስፋውን እናት ስንብት መሳቢያዬ ውስጥ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያም ሌላውን ከሰስኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ተየብኩት። «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። አቶ ሁመድ ጥፋት የለባቸውም» የሚል ለሥራ አስኪያጁ የተጻፈ ደብዳቤ። ከታች «ግልባጭ፦ ለአቶ አስፋው» አልኩበት። ከዚያ እያለቀስኩ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ።

አቶ ሁመድ በሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ነበር። አነበቡት።

«እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው። «መሐረቡን እንደላኩልኝ ለምን አልተናገሩም?»

«ፋጡማ ስትሰጥሽ ርቦሽ ነበር፤ ነግራኛለች። ሰው በረሃብ ያደረገውን መዝገብ አላስገባም።»

«ክሱስ? ክሱን እኮ ጠግቤ ነው የጻፍኩት!»

«እሱማ መሄድ ነበረበት። የጠገበ ሰው ነገር ይሄዳል ያልኩት እኔ ነኝ። ለራሴ ሲሆን ልለውጠው?» ደብዳቤዬን አጠፉት። «ይህን ግን ጾመሽ ነው የጻፍሽው። ይደር።»

«አይደርም! ዛሬ ነው የሚሄደው!»

«ቢንቲ፣ ሌላ ሕግ የለኝም። ማታ ጾምሽን ስታፈርሺ ደህና አድርገሽ ብዪ። ጠዋት ነይና እጠይቅሻለሁ።»

ማታ በላሁ። ደህና አድርጌ በላሁ። ጠዋት ተረጋግቼ ነቃሁ፤ የተረጋጋው ልቤም ይመክረኝ ጀመር። ትባረሪያለሽ አለኝ። እናትሽ ደሴ ያንቺን እጅ ነው የምትጠብቀው አለኝ። አስፋው ዳግመኛ ዓይንሽን አያይም አለኝ። አቶ ሁመድ እንደሆኑ ለምደውታል፣ ቅር አላላቸውም አለኝ። ተርቤ የጻፍኩትን እውነት ጠግቤ ፈራሁት። ይህን አቶ ሁመድም አላሰቡትም፤ ሆድ ሲጠግብ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ድፍረትም አብሮ ሊበርድ ይችላል። ወደ መጋዘኑ አልሄድኩም።

በማግስቱም አልሄድኩም። ሁለት ወር ሙሉ በባሕሩ በኩል ማለፍ ተውኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። በሄድኩበት ጠዋት የተሳፈርኩበት መኪና በመጋዘኑ ፊት አለፈ። አቶ ሁመድ በሩ ላይ ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠው ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

አስፋው ዛሬ ድሬዳዋ ነው። አግብቶ ወልዷል። ለአውዳመት ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ «ስለ እኔ የተቆረቆርሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ» ይለኛል በየዓመቱ። አቶ ሁመድን በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ያ ከእናቴ ያለያየኝ ሰውዬ» ነው የሚለው። እያንዳንዱን ደብዳቤ አንብቤ እንደ ሌባ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ትናንት ማታ ምስር ወጥ ሠርቼ እስኪበቃኝ በላሁ። ዛሬ ጠዋት ሲባጎውን ፈታሁ። ከላይ ወይዘሮ ፋጡማ ያኖሩት አዲስ ቴምር አለ። ከሥሩ ወረቀቴ ነው፤ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተበልቷል። ገልብጬ ስመለከተው በጀርባው በዚያ በሚያምር ጽሕፈት «ባለቤቷ ጠዋት አልመጣችም። ይቆያል» ይላል። ከሱ በታች በሌላ ቀለም፣ በሌላ ጊዜ የተጻፈ «ይቆያል» አለ። ከሱም በታች ሌላ። ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ናቸው፤ የመጨረሻው እጅ ሲንቀጠቀጥ የተጻፈ ነው። ሰውየው በየጊዜው እየከፈቱ አይተውታል። አልቀደዱትም፤ አላስገቡትምም። መጥቼ እስክፈርድ ጠብቀውኛል። እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ ጠግቤም ቢሆን አለቀስኩ።

ሦስት ቴምር ቆጥሬ በላሁ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሚቀየር ቃል አላገኘሁበትም። ሥራ አስኪያጁ ከሞተ ቆይቷል፤ ግልባጩ ግን የሚሄድለት ሰው አለው። መፍራቱን አሁንም ፈራሁ፤ ግን ፍርሃቱ የራሱን ያህል ብቻ ነበር።

ፖስታው ላይ የአስፋውን አድራሻ ጻፍኩ። ወረቀቱን ከማጠፌ በፊት ብዕሬን አንሥቼ ከመጨረሻው «ይቆያል» ሥር «ይሄዳል» ብዬ ጻፍኩበትና ወደ ፖስታ ቤት ወጣሁ።